በጎ ግምትና የሥራ ዘመን፤ ከአባይ ተፋሰስ ዕቅዶች ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ማንኛውም ታላቅ ሥራ ሁለት ቀኖች አሉት። አንደኛው ሥራው ያልቃል ተብሎ በዕቅድ ላይ የተጻፈው ቀን ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥራው በእርግጥ የተጠናቀቀበት ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀን የመሠረት ድንጋይ ሲጣል በሰፊው ይነገራል፤ በጋዜጣ ይወጣል፤ በጀትም ይመደብበታል። ሁለተኛው ቀን ሲደርስ ግን በምረቃው ደስታ መካከል ከመጀመሪያው ጋር ተነጻጽሮ የሚመዘገብበት ጊዜ እምብዛም ነው። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለው ርቀት ከምን እንደሚመጣ፣ በአባይ ተፋሰስና በሌሎችም የአገሪቱ ክፍሎች የተካሄዱ ሥራዎችን ታሪክ መነሻ አድርጎ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

አንድ ሥራ ሲዘገይ የሚቀርቡት ምክንያቶች ለባለሙያው አዲስ አይደሉም። ክረምቱ ከተጠበቀው በላይ ከበደ፤ የውጭ ምንዛሪ ታጣ፤ የካሳ ክፍያ ባለማለቁ ቦታው ሳይለቀቅ ቀረ፤ ዐለቱ በጥናቱ እንደተገለጸው ሆኖ አልተገኘም ይባላል። እያንዳንዱ ምክንያት ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሆኖም አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። የግምት ስሕተት በአጋጣሚ ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ፣ የዘገዩትን ያህል ቀድመው የሚጠናቀቁ ሥራዎችም በኖሩ ነበር። ግምቱ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያጋድል ከሆነ ግን፣ ጉድለቱ የክረምቱ ወይም የዐለቱ ብቻ ሳይሆን የሚዛኑም ነው ማለት ነው። ይህን የሚዛን ማጋደል የበጎ ግምት ዝንባሌ ልንለው እንችላለን። ይኸውም ሰው መልካም ነገር በራሱ ላይ የመድረስ ዕድሉን አጋኖ፣ ክፉ ነገር የመድረስ ዕድሉን ደግሞ አሳንሶ የመገመት ልማድ ነው።

ዝንባሌው በምርምር ሲፈተሽ

ጉዳዩ በምርምር ተፈትሾ በስፋት መታወቅ የጀመረው ከ40 ዓመታት በፊት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ኒል ዋይንስታይን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከ250 የሚበልጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ በጎና ክፉ ነገሮች በሕይወታቸው የመድረስ ዕድላቸው ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀ። በአማካይ ሲታይ ተማሪዎቹ መልካሙ ለእነርሱ ከሌላው ይልቅ እንደሚቀርብ፣ ሕመሙና ኪሳራው ደግሞ ከሌላው ይልቅ ከእነርሱ እንደሚርቅ ገመቱ። ሁሉም ከአማካዩ የተሻለ ዕድል ሊኖረው እንደማይችል የታወቀ ነው።

ለመሐንዲስ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት ሐሳብ ነው። እነርሱ እንደገለጹት፣ ዕቅድ አውጪ ሰው የሥራውን ዘመን ሲገምት ከፊቱ ያለውን ሥራ ብቻ ይመለከታል፤ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ይዘረዝራል፤ ለእያንዳንዱ ጊዜ ይሰጣል፤ ከዚያም ይደምራል። ተመሳሳይ ሥራዎች ቀደም ሲል ምን ያህል ጊዜ እንደፈጁ ግን አይጠይቅም።

ካህነማን ይህን በራሱ ላይ የደረሰ ታሪክ በመናገር አስረድቷል። በእስራኤል አገር ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሆን መጽሐፍ ለማዘጋጀት የተሰበሰበ ቡድን ሥራው መቼ እንደሚያልቅ እያንዳንዱ አባል በወረቀት እንዲጽፍ ተደረገ። የሁሉም ግምት ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት ተኩል ነበር። ከአባላቱ መካከል በሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ብዙ ልምድ የነበረው አንዱ፣ ሌሎች ተመሳሳይ ቡድኖች ምን እንደገጠማቸው ሲጠየቅ፣ ከመቶ 40 የሚሆኑት ሥራቸውን ጨርሰው እንደማያውቁ፣ የጨረሱትም ከ7 እስከ 10 ዓመት እንደፈጀባቸው ተናገረ። ይህ ሰው ዕውቀቱ እያለው፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት በወረቀቱ ላይ የጻፈው እንደ ሌሎቹ ያለ አጭር ግምት ነበር። ቡድኑም የሰማውን ወደ ጎን ትቶ ሥራውን ቀጠለ፤ መጽሐፉም ያለቀው ከ8 ዓመት በኋላ ነው። ከዚህ ታሪክ መታወስ ያለበት፣ ትክክለኛው መረጃ በክፍሉ ውስጥ መኖሩ፣ ነገር ግን ማንም ለግምቱ እንደሚጠቅም አለማሰቡ ነው።

አርሶ አደሩና ዐቃጁ

ይህ ዝንባሌ በሁሉም ሰው ላይ እኩል አይበረታም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘውን አማኑኤልንና በዙሪያዋ ያለውን የማቻከል ወረዳ እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። የዚህ አገር ገበሬ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎና ድንች እያፈራረቀ የሚዘራ ሲሆን፣ ለዘር የሚሆነውን እህል ለብቻው ያስቀምጣል፤ መሬቱንም በአንድ ሰብል ብቻ አይሸፍንም። ይህን የሚያደርገው ተስፋ ስለሌለው አይደለም። በየዓመቱ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አውድማው የግምቱን መልስ ስለሚሰጠውና ያለፉት ዓመታት መልስ ስለማይረሳው ነው። ግምት በየጊዜው ከውጤት ጋር የሚገናኝ ከሆነ ቀስ በቀስ ይታረማል።

አርሶ አደሩም ቢሆን አዲስ ነገር ሲገጥመው ከዝንባሌው ነጻ አይደለም። በአጎራባቹ የአዊ ዞን፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ዲከረንስ የተባለው የግራር ዝርያ ለከሰል ንግድ በስፋት ተተከለ። ዛፉ ለገበሬው ጥሩ ገቢ አስገኘ፤ የደከመ መሬትም እንዲያገግም ረዳ። ከዚህ የተነሣ ሰፊ የእርሻ መሬት በዚህ አንድ ዛፍ ተሸፈነ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን ቅጠሉን የሚያጠቃ በሽታ ተነሥቶ በብዙ ቦታ ዛፉን ጎዳው። አንድ ነገር ለተከታታይ ዓመታት ሲሳካ የክፉ ቀን ሐሳብ ከሒሳቡ እንደሚወጣ ይህ ያመለክታል።

ታላላቅ ሥራዎችን የሚያቅደው ባለሙያ ያለበት ሁኔታ ከአርሶ አደሩ የከፋ ነው። አንድ መሐንዲስ በሥራ ዘመኑ ስንት ግድብ ይሠራል? አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ግምቱን ያወጣው ሰው ሥራው ሲያልቅ ብዙ ጊዜ በሌላ መሥሪያ ቤት ይገኛል። ስለሆነም መልሱ ለገማቹ ሳይደርስ ይቀራል፤ ቀጣዩም ገማች ያንኑ መንገድ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ከጥናት እስከ ሠፈራ

ጎጃምን እንደ ቀለበት የሚዞረው አባይ ብዙ ዕቅዶችን ያስተናገደ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 የኢትዮጵያ መንግሥትና የአሜሪካ የመሬት ልማት መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ተፋሰሱን በሰፊው አጠኑ። በዋናው ወንዝ ላይ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንደያና ድንበር የተባሉ አራት የግድብ ቦታዎችን ለይተው አቀረቡ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት በተፋሰሱ ውስጥ ከተሠሩት ታላላቅ ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ የጀመረው የፊንጫ ግድብ ሲሆን፣ እርሱም በገባር ወንዝ ላይ የተሠራ ነው። ከአራቱ ቦታዎች ግን አንዱም ለ47 ዓመታት ያህል የግንባታ መሣሪያ ሳያይ ቆየ።

በዚህ መካከል የተፈጸመው የ1977 ዓ.ም. የሠፈራ ውሳኔ የበጎ ግምት ዝንባሌ በሰው ሕይወት ላይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ያሳያል። በዚያ ዓመት ድርቁና ረኀቡ በበረታበት ጊዜ መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ሰው ከተጎዱት አካባቢዎች አንሥቶ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ለማስፈር ማቀዱን አስታወቀ። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ተጓጓዘ። ከዚህ ውስጥ 80,000 ገደማ የሚሆነው ያን ጊዜ በጎጃም ክፍለ ሀገር በመተከል አውራጃ ውስጥ በነበረው በጣና በለስ ሸለቆ፣ በፓዌ ሠፈረ። በኢጣልያ መንግሥት ርዳታም ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ መንገድ፣ ሆስፒታልና የእርሻ ሥራ አካሄደ።

ዕቅዱ መሬቱን ባዶና ለም አድርጎ ገምቶ ነበር። መሬቱ ግን የጉሙዝ ሕዝብ እያፈራረቀ የሚያርሰው ነበር። ወባው ከደጋ የመጣውን ሰፋሪ፣ ገንዲው ደግሞ የእርሻውን በሬ የሚያጠቃ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ወራትም ብዙ ሰው ሞተ። ከዚያ ቀደም በተለያዩ ቦታዎች የተካሄዱት አነስተኛ ሠፈራዎች አብዛኞቹ ብዙ ወጪ ጠይቀው ራሳቸውን ሳይችሉ መቅረታቸው ይታወቅ ነበር። ሆኖም ይህ ልምድ በግምቱ ውስጥ ቦታ አላገኘም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲለወጥ የጣና በለስ ሥራ ተቋረጠ፤ በትራክተር ይታረስ የነበረው መሬትም ያለ ትራክተር ቀረ። እዚህ ላይ የግምቱን ዋጋ የከፈለው ግምቱን ያወጣው ሰው ሳይሆን፣ ሳይጠየቅ የተጓዘው ሰፋሪና ሳይጠየቅ መሬቱ የተወሰደበት ነባር ነዋሪ ነው።

የ5 ዓመቱ ዕቅድና ስኳሩ

ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የቆየው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ኃይል ከ2,000 ሜጋ ዋት ወደ 8,000 ሜጋ ዋት፣ የስኳር ምርቱን ወደ 2.25 ሚሊዮን ቶን ለማሳደግ፣ 2,395 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድም ለመዘርጋት የወጠነ ነበር። በእነዚያ ዓመታት መንገዶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች በብዛት መሠራታቸው አይካድም። ይሁን እንጂ የዕቅዱ ዘመን ሲያልቅ የኤሌክትሪኩ አቅም ከ2,500 ሜጋ ዋት በታች ነበር። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የባቡር መስመርም የተመረቀው ከዕቅዱ ዘመን በኋላ በ2009 ዓ.ም. ነው።

ስኳሩ ከሁሉ የባሰ ነበር። በዚያው በጣና በለስ ሸለቆ በቀን 12,000 ቶን ሸንኮራ የሚፈጩ ፋብሪካዎች እንዲሠሩ ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጠ። ኮርፖሬሽኑ እንዲህ ያለ ፋብሪካ ቀደም ሲል ሠርቶ አያውቅም። በዕቅዱ ዘመን ውስጥ ከበለስ ፋብሪካዎች አንዱም ስኳር አላመረተም። አገዳው ግን በጊዜው ተተክሎ ስለነበር፣ የሚፈጨው ፋብሪካ አጥቶ በማሳ ላይ አረጀ። በመጨረሻም ሥራው ከኮርፖሬሽኑ ተወስዶ ለሌላ ተቋራጭ ተላለፈ።

እዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ነጥብ መጤን አለበት። እርሻውና ፋብሪካው በአንድ የጊዜ ሠሌዳ ላይ ተሳስረው ሳለ፣ የአንዱ መዘግየት ሌላውን እንደሚያከስር ማንም መሐንዲስ ያውቃል። ብዙ ክፍሎች ያሉት ሥራ በጊዜው የሚያልቀው ሁሉም ክፍሎች በጊዜያቸው ካለቁ ብቻ ነው። አንዱ ክፍል በጊዜው የማለቅ ዕድሉ ከመቶ 90 ቢሆንና ዐሥር እንዲህ ያሉ ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች ቢኖሩ፣ ሁሉም በጊዜያቸው የማለቃቸው ዕድል ከመቶ 35 ገደማ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል የሚሰጠው ግምት ምክንያታዊ ሆኖ ሳለ ድምሩ ከእውነት የሚርቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋሻውና ግድቡ

የግልገል ጊቤ ሁለት የኃይል ማመንጫ ከአባይ ተፋሰስ ውጭ ቢሆንም ትምህርቱ ለሁሉም ነው። 420 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ይህ ጣቢያ ውኃውን የሚያገኘው 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ሲሆን፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ሥራ ይጀምራል ተብሎ ታቅዶ ነበር። በጥቅምት 1999 ዓ.ም. ገደማ መቆፈሪያ መሣሪያው የተሰነጠቀ ደካማ ዐለት ገጠመውና በጭቃ ግፊት ተያዘ። ሥራው ዘግይቶ በጥር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ምረቃው ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ። እንደገና ኃይል እስኪሰጥም ብዙ ወራት ፈጀ። በዓለም ላይ ከተቆፈሩት ረዣዥም ዋሻዎች ታሪክ መገንዘብ እንደሚቻለው፣ ከመሬት በታች ያልተጠበቀ ዐለት መገናኘት የተለመደ ነገር እንጂ እንግዳ አይደለም። ያልተጠበቀው የዐለቱ ቦታ ነው፤ የዐለቱ መኖር ግን ሊጠበቅ ይችል ነበር።

ወደ አባይ ስንመለስ፣ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ተቀመጠ። ግድቡ የተሠራው ከአራቱ የጥንት ቦታዎች ድንበር በተባለው አቅራቢያ ነው። ወጪው 80 ቢሊዮን ብር፣ ዘመኑም 5 ዓመት ገደማ እንደሚሆን ተነገረ። የውጭ ብድር ስላልተገኘ ሕዝቡ ቦንድ ገዛ፤ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ሰጠ። በአማኑኤልም እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ከተሞች ሁሉ መምህሩ፣ ነጋዴውና ገበሬው ተካፈሉ። ኮርፖሬሽኑ የያዘው የብረታ ብረትና የተርባይን ሥራ ወደ ኋላ በመቅረቱ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ከእጁ ተወሰደ። የተርባይኖቹም ቁጥር ተቀነሰ። የመጀመሪያው ኃይል የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የተገኘ ሲሆን፣ ግድቡ በ13 ተርባይኖችና በ5,150 ሜጋ ዋት አቅም የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከመሠረት ድንጋዩ እስከ ምረቃው 14 ዓመት ከ5 ወር አልፏል።

ይህን ከዓለም ልምድ ጋር ማነጻጸር ይገባል። ቤንት ፍሉቭብየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በ65 አገሮች የተሠሩ 245 ታላላቅ ግድቦች በአማካይ ከታሰበላቸው ዘመን ከመቶ 44፣ ከታሰበላቸው ወጪ ደግሞ ከመቶ 96 አልፈዋል። በዚህ አማካይ ብቻ እንኳ ቢሰላ 5 ዓመት የተባለ ግድብ ከ7 ዓመት በላይ መፍጀቱ አይቀርም ነበር። የተለመደው ከመቶ 10 መጠባበቂያ ለእንዲህ ያለው ልዩነት የሚበቃ አይደለም። የመዘግየቱም ዋጋ በወረቀት ላይ የሚቀር አልነበረም፤ በ2011 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሲታደል ፋብሪካውም ዳቦ ቤቱም ከፍሎታል።

ተስፋ ባይኖርስ?

እዚህ ላይ ብርቱ የሆነ ተቃራኒ ሐሳብ ይነሣል። በ2003 ዓ.ም. ሥራው 14 ዓመት ይፈጃል ቢባል ኖሮ ግድቡ ይጀመር ነበርን? አልበርት ሂርሽማን የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የኢትዮጵያን የቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ ጨምሮ የዓለም ባንክ ያገዛቸውን ሥራዎች መርምሮ፣ ሰዎች የሚገጥማቸውን ችግር አስቀድመው ቢያውቁ ብዙ ጠቃሚ ሥራዎች ሳይጀመሩ ይቀሩ እንደነበር ተከራክሯል። እንደ እርሱ አነጋገር ችግሩ መሰወሩ ሰውን ወደ ሥራው ያስገባዋል፤ ከገባ በኋላ ግን ብልሃት ይፈጥራል። ሕዳሴ ግድብ ተጠናቆ መታየቱ ለዚህ ሐሳብ ድጋፍ የሚሰጥ ይመስላል።

ሆኖም ይህ ክርክር የሚመለከተው የተፈጸሙትን ብቻ ነው። የበለስ አገዳና የፓዌ ሰፋሪም በዚያው ተስፋ የተጀመሩ ሥራዎች ውጤቶች ናቸው። ከዚህም በላይ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። አንዱ ሥራውን ለመጀመር የሚያስፈልገው ጽናት ሲሆን፣ ሌላው የሥራውን ዘመን የሚለካው ቁጥር ነው። ሕዝቡ ለአባይ ያዋጣው 5 ዓመት ስለተባለ ብቻ ነበር ማለት ሕዝቡን አሳንሶ መገመት ይሆናል። 14 ዓመት ሙሉ መዋጮው መቀጠሉ፣ ረዥሙን ዘመን ቢነገረውም ሊሸከመው ይችል እንደነበር ያመለክታል። ተስፋ ከሕዝቡ የሚጠበቅ ነው፤ እውነተኛ ቁጥር ግን ከባለሙያው ይጠበቃል።

በጎ ግምትን ሆን ተብሎ ከሚደረግ ማሳነስም መለየት ያስፈልጋል። አንድ ሥራ እንዲፈቀድ ሲባል ወጪው አንሶ ዘመኑም አጥሮ የሚቀርብበት ጊዜ አለ፤ ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ የጨረታው ሥርዓት አለ። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ሲያሸንፍ፣ አሸናፊው ብዙ ጊዜ ከተጫራቾች ሁሉ ይበልጥ በጎ ግምት የያዘው ነው። ስለሆነም እያንዳንዱ ተቋራጭ ቅን ቢሆን እንኳ ሥርዓቱ ራሱ እጅግ ተስፈኛውን ይመርጣል።

የባለሙያው ድርሻ

በዓለም ላይ የተሞከሩት መፍትሔዎች ውስብስብ አይደሉም። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሕዝብ ገንዘብ የሚሠሩ ሥራዎች ግምት በዚህ ዝንባሌ ምክንያት ወደ ላይ እንዲታረም በመመሪያው አዝዟል። ዘዴውም ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ሥራው የሚመስላቸው ያለፉ ሥራዎች ይሰበሰባሉ፤ ቀጥሎ የታቀደላቸውና የፈጁት ዘመንና ወጪ ይነጻጸራል፤ በመጨረሻም አዲሱ ግምት በዚያ ልዩነት መጠን ይስተካከላል። ገማቹ ሥራዬ ከሌሎቹ የተለየ ነው የሚል ከሆነ፣ ማስረጃ ማቅረብ የሚገባው እርሱ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊትም አባላቱ ተሰብስበው፣ ሥራው እንደከሸፈ ቆጥረው ምክንያቱን እንዲጽፉ ማድረግ ሌላው ጠቃሚ ልማድ ነው። ፍርሃቱን በስብሰባ ላይ ለመናገር የማይደፍረው ወጣት መሐንዲስ በዚህ መንገድ ሐሳቡን ሊያወጣ ይችላል።

የመጀመሪያው ደረጃ ግን መዝገብ ይጠይቃል። በኢትዮጵያ የተሠሩ መንገዶች፣ ድልድዮች፣ የመስኖ ሥራዎችና የኃይል ማመንጫዎች በዕቅዳቸው ላይ የተጻፈው ቀንና በእርግጥ የተጠናቀቁበት ቀን ጎን ለጎን ተጽፎ፣ ማንኛውም ገማች ሊያየው በሚችልበት ቦታ መቀመጥ አለበት። መዝገቡ ማንንም ለመክሰስ የሚያገለግል መሆን የለበትም፤ እንደዚያ ከሆነ ትክክለኛውን ቀን የሚሰጥ አይገኝም። ዓላማው ለማቻከሉ ገበሬ አውድማው የሚሰጠውን መልስ ለመሐንዲሱም መስጠት ነው። ይህን የመሰለ መዝገብ ለማዘጋጀት ከመንግሥት መሥሪያ ቤትም ከተቋራጭም ወገን ያልሆነ የሙያ ማኅበር የተሻለ ቦታ አለው። ካራዶቢ፣ ማቢልና መንደያ ገና ያልተሠሩ እንደመሆናቸው፣ የእነርሱ ዘመን ሲገመት የሕዳሴ ግድብ 14 ዓመት ከ5 ወር በሠንጠረዡ የመጀመሪያ መስመር ላይ ሊቀመጥ ይገባዋል።